በለንደን ሰዓት 10፡00 ለሚደረግ የኦክስፎርድ ቃለ መጠይቅ ምን ላዘጋጅ?

ጠያቂ (ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ)፦
ጤና ይስጥልኝ። ለምህንድስና አመልክቼ በዲሴምበር ለኦንላይን ቃለ መጠይቅ ተጠርቻለሁ። «ለምን ምህንድስና?» ለሚለው መልስ ሸምድጃለሁ። ሌላ ምን ይጠይቁኛል? መብራት ቢጠፋስ?

የፊዚክስ መምህር፦
ሽምደዳው እዚህ ብዙም አያዋጣም። ያላየሽውን ጥያቄ ሰጥተው አካሄድሽን ነው የሚያዩት፤ ዝም ብለሽ ሠርተሽ ውጤቱን ብቻ ብትነግሪያቸው የሚመዝኑት ነገር አያገኙም። ሒሳብና ፊዚክስ ከልሺ፣ በተለይ ግራፍ መሳል። ግምትም ተለማመጂ። ለምሳሌ ጣና ምንም ውኃ ባይገባበት፣ በዓባይም ባይወጣ፣ በትነት ብቻ በስንት ዓመት ይደርቃል? ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ አማካይ ጥልቀቱ 8 ሜትር ብትይ 24 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይሆናል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ 1 ካሬ ኪሎ ሜትር 1,000 ሳይሆን 1,000,000 ካሬ ሜትር ነው። በዓመት 1.5 ሜትር ቢተን 5 ዓመት ገደማ።

ደንገል፦
መምህር፣ ይቅርታ፣ ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ስፋቱ አላስፈለገም፤ ትነቱም በስፋቱ ልክ ስለሆነ ይጣፋል፣ 8ን ለ1.5 ማካፈል ይበቃል። ሁለተኛ፣ 5 ዓመት አይሆንም። ዳር ዳሩ ቀድሞ ይደርቃል፤ መጨረሻ የሚቀረው ጥልቁ ቦታ፣ 14 ሜትር ገደማው ነው። ስለዚህ 9 ዓመት ይጠጋል። ጠያቂዎቹ «እርግጠኛ ነሽ?» ሲሉሽ የሚፈልጉት እንዲህ ያለ እርማት ነው፤ የመጀመሪያውን መልስሽን የሙጥኝ አትበይ።

የፊዚክስ መምህር፦
ልክ ነህ፣ 9 ይሻላል።

ወለላ፦
እህቴ፣ ሰዓቱን ልብ በይ። በዲሴምበር ልዩነቱ 3 ሰዓት ነው፤ የለንደን 10፡00 በእኛ ከቀኑ 7 ሰዓት ነው። የእኛ 10 ሰዓት ከመሰለሽ 3 ሰዓት አረፈድሽ ማለት ነው። መብራት ሲጠፋ ዋይፋዩም አብሮ ስለሚሄድ ላፕቶፑን ሙሉ ቻርጅ አድርጊ፤ ስልክሽ ላይ ጥቅል ገዝተሽ ሆትስፖቱን ከላፕቶፑ ጋር ከዋዜማው አገናኝተሽ ሞክሪ። ግንኙነት ቢቋረጥ የምትደውይበትን ቁጥር ከግብዣው ደብዳቤ በወረቀት ገልብጪ። ስክሪን ላይ በብዕር መጻፍ ይጠየቅ እንደሆነም እዚያው እዪ፤ በጣት ግራፍ መሳል ያስቸግራል።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። እንግሊዝኛው ቃል ቢጠፋኝስ?

ደንገል፦
ዕቃው የሚሠራውን ሥራ ተናገሪ፤ የሚሰሙሽ የምህንድስና መምህራን ስለሆኑ ይገባቸዋል። እስከዚያው በየቀኑ አንድ ጥያቄ በእንግሊዝኛ እየተናገርሽ ሥሪና በስልክሽ ቅጂው። መልሰሽ ስትሰሚው ከ10 ሴኮንድ በላይ ዝም ያልሽበትን ቦታ ምልክት አድርጊ፤ እዚያ ላይ ምን እያሰብሽ እንደነበር በአንድ ዓረፍተ ነገር ለመናገር ሞክሪ።