ግራፊክ ዲዛይን በዲግሪ መማር ያዋጣል?

የኮዬዋ፦ ሰላም ጓዶች። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። ግራፊክ ዲዛይን በዲግሪ ልማር ስል አባቴ «ባነር ለመሥራት ስንት ዓመት?» ይለኛል። ሰፈር ያለ ማተሚያ ቤት ፎቶሾፕ እየነካካሁ ነው፣ መብራት እልም ሲል ሴቭ ያላደረግኩት ሁሉ አብሮ ይሄዳል እንጂ። ምን ትሉኛላችሁ?

ቱሉዲምቱ፦ እህቴ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለውን «አለ» የሚባለውን የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ጠይቂ። ግን እዚያ «ግራፊክስ» ሲባል የኅትመት ጥበብም ነው፤ እንጨት ፈልፍለሽ፣ ቀለም ቀብተሽ ወረቀት ላይ ማተም። ሎጎ ብቻ መስሎሽ እንዳትገቢ። እርሳስ መያዝም ልመጂ።

ቀለም ቀቢው፦ ፎቶሾፑንማ ዩቲዩብም ያስተምርሻል። የሚከብደው ያማረውን ካላማረው የሚለይ ዓይን ማግኘቱ ነው። እኔ የመጀመሪያ የሠርግ ካርድ ሥራዬን በአርጂቢ፣ ማለትም በስክሪን የቀለም ስልት ላክሁት፣ ስክሪኑ ላይ ቦግ ያለው አረንጓዴ ሲታተም የደረቀ ጎመን መስሎ ወጣ። 300 ካርድ ከኪሴ! ለኅትመት ሲኤምዋይኬ የሚባለው የማተሚያ ቀለም ስልት መሆኑን የነገረኝ አልነበረም። ደግሞ ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የለውም፣ ርዕስ የሚጎላው በመጠንና በውፍረት ነው፣ እሱን ቁጭ ብሎ የሚያርምሽ መምህር ያስፈልጋል።

የኮዬዋ፦ የደረቀ ጎመን 😂 እሺ፣ እርሳሱን ዛሬ ገዛሁ። አባዬን ማን ያሳምንልኝ?