«ቶል» ወይስ «ሃይ»? ስለ ጀጎል በእንግሊዝኛ ለምንጽፍ

የሸዋ በር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለእንግዶች የሚታደል ባለ አንድ ገጽ መግለጫ በእንግሊዝኛ እያዘጋጀን ሦስት ቦታ ላይ ተከራከርን። የድሮዋን ሐረር የከበበው የጀጎል ግንብ «ቶል» ነው «ሃይ»? ከተማዋ «ሂስቶሪክ» ናት «ሂስቶሪካል»? ግንቡን «ኤንሸንት» (ጥንታዊ) ብንለውስ ያስኬዳል? መዝገበ ቃላቱ ጥንዶቹን በአንድ የአማርኛ ቃል ነው የፈታቸው።

ከዚራ፦
ያሳሳታችሁ ከአማርኛው ቃል መነሳታችሁ ነው። እኛ ሰውንም መንገዱንም ግንቡንም «ረጅም» እንላለን፤ እንግሊዝኛ ለሦስት ይከፍለዋል። «ቶል» ቁመቱ ከወርዱ በልጦ ቀጥ ብሎ ለቆመ ነው፦ ለሰው፣ ለዛፍ፣ ለሚናራ። «ሎንግ» ወደ ጎን ለተዘረጋ። «ሃይ» ደግሞ ሰፋ ብሎ ከፍ ላለ፣ ለምሳሌ ለተራራና ለአጥር፣ ወይም እንደ መደርደሪያ ከመሬት ርቆ ላለ ነገር ነው። ስለዚህ «ሃይ ዎል» ጻፉ። «ቶል ዎል» የሚልም አይጠፋም፤ የተለመደው ግን የመጀመሪያው ነው።

ቁጥር ስትጨምሩ ተጠንቀቁ። «ዘ ዎል ኢዝ ፎር ሚተርስ ሃይ» ይባላል፤ ከስሙ በፊት ሲገባ ግን የብዙ ቁጥሯ «ስ» ትወድቃለች፦ «አ ፎር ሚተር ሃይ ዎል»። ይህችን ብዙ ሰው ይስታታል።

የሰውን ቁመት በ«ሃይ» እንዳትገልጹ። «ሂ ኢዝ ሃይ» ማለት በዕፅ ናላው ዞሯል ማለት ነው።

ቀፊራ፦
በሁለተኛው ጥያቄ ላይ ልጨምር። «ሂስቶሪክ» በታሪክ ትልቅ ቦታ ያለው ነው፤ የዐድዋ ድል «ሂስቶሪክ» ነው። «ሂስቶሪካል» ያለፈውን ዘመን የሚመለከት ማንኛውም ነገር ነው፣ ታላቅ መሆን አይጠበቅበትም። በፈረንሳዊው ባለቅኔ ስም በተጠራው የሐረሩ ሙዚየም፣ በራምቦ ቤት፣ የተሰቀሉት የድሮ ፎቶዎች «ሂስቶሪካል ፎቶግራፍስ» ናቸው። ጀጎልን ዩኔስኮ በ2006 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ራሱ «ሂስቶሪክ ታውን» ብሎ ነው የጻፋት፤ ይኸው ይበቃችኋል። ከፊቱ «አን» ሳይሆን «አ» አድርጉ።

«ኤንሸንት»ን ለግንቡ እኔ አልመርጠውም። የታሪክ ሰዎች ቃሉን በአብዛኛው እስከ 5ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ላለው ዘመን ነው የሚይዙት፤ ለአክሱም ሐውልቶች ልክ ነው። የጀጎል ግንብ ከ13ኛው እስከ 16ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ የተሠራ ነው የሚባለው። «ሴንቸሪስ ኦልድ» (የብዙ መቶ ዓመታት ዕድሜ ያለው) በሉት፤ ዕድሜውን አይቀንስበትም፣ የሚያውቅ እንግዳም አይከራከራችሁም።

የሸዋ በር፦
እግዜር ይስጥልን። ይቺንስ ተመልከቱልን፦ «ዘ ስቶን ኦልድ ሃይ ዎል ኤንድ ታይት ስትሪትስ»።

ከዚራ፦
ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። መጠን ይቀድማል፣ ዕድሜ ይከተላል፣ የተሠራበት ነገር ከስሙ አጠገብ ይቀመጣል፦ «ዘ ሃይ ኦልድ ስቶን ዎል»። «ታይት»ን አውጡት። በአማርኛ ሁለቱም «ጠባብ» ቢሆኑም፣ የጎንና የጎን ርቀቱ አነስተኛ የሆነ መተላለፊያ «ናሮው» ነው፤ «ታይት» አካል ላይ ተጣብቆ የሚይዝ ነው። መኪና ግርግር የሚባለው የጀጎል ልብስ ሰፊዎች መንገድ «ናሮው» ነው፤ እዚያው የተሰፋው ሱሪ ወገብ ላይ ካጠበቀ እሱ «ታይት» ነው።