ሬዲዮ ያለው የጆሮ መከላከያ ለእንጨት ቤት ያዋጣል?

የአዳማው አናጺ፦
ሰላም ቤተሰብ። አዳማ ላይ ትንሽ እንጨት ቤት አለችኝ፤ በርና ቁም ሳጥን ነው የምንሠራው። ኮምባይንዱ (መላጊያውና መሰንጠቂያው አንድ ላይ ያለበት ማሽን) ሲጮህ ይውላል፣ ማታ ቤት ስገባ ጆሮዬ ጭው ይላል። ልጆቹ የስልክ ኢርፎን ሰክተው ነው የሚሠሩት፣ «ጩኸቱን ይከልልናል» ባይ ናቸው። እኔ ኤፍኤም ያለበትን ትልቁን የጆሮ መከላከያ ኢንተርኔት ላይ አየሁትና ልቤ ተነሳ፤ ቅዳሜ ኳስ እየሰሙ መላግ ማለት እኮ ነው! የሞከረው አለ? የእውነት ይከላከላል ወይስ መጫወቻ ነው?

ሰርኩላር፦
ወርክቱንስ የሚባለው አለኝ፣ ከውጭ የመጣ ሰው ነው ያመጣልኝ። መጫወቻ አይደለም። ግን ካርቶኑ ላይ ጩኸት ይቀንሳል ተብሎ የተጻፈውን 24 ዴሲቤል (የድምፅ መለኪያ ነው) እንዳለ አትመነው፣ የላቦራቶሪ ቁጥር ነው። አሜሪካኖቹ 7 ቀንሰው ቀሪውን ለሁለት ያካፍሉታል፣ 8.5 ይቀርሃል ማለት ነው። ለ8 ሰዓት የሚመከረው ጣሪያ 85 ዴሲቤል ነው፣ 3 በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። መላጊያው 100 ከደረሰ ባዶ ጆሮ የሚፈቀድለት 15 ደቂቃ ብቻ ነው፤ በዚህ መከላከያ ከ2 ሰዓት ትንሽ ያነሰ ታገኛለህ። ቀኑን ሙሉ የምትልግ ከሆነ ከሥር ጆሮ ውስጥ የሚገባውን የስፖንጅ መሰኪያ ጨምርበት፣ ያኔ ግን ሬዲዮውም ይደበዝዛል።
የልጆቹን ኢርፎን ዛሬውኑ አስወልቃቸው። ማሽኑን ለመብለጥ ድምፁን ይከፍቱታል፣ ከዚያ ሁለቱም ጩኸት ነው የሚገባው። የኔው መከላከያ የሬዲዮው ድምፅ ከ82 ዴሲቤል በላይ አይወጣም፣ የምትገዛው እንዲህ ገደብ ያለው መሆኑን አረጋግጥ።

ካርቦን ቀያሪ፦
ስለ ሬዲዮው ልጨምር። ኤፍኤም ብዙ አይቸግርህም። ኤኤም ከሆነ ግን ግራይንደርና የእጅ ራውተር (የእንጨት ጠርዝ ማውጫው) ይረብሹታል፣ ካርቦናቸው (ለሚዞረው ሞተር ኤሌክትሪክ የሚያቀብለው) ሲፈጭ የሚወጣው ብልጭታ ነው የሚንጫጫው። የኮምባይንዱ ትልቁ ሞተር ካርቦን ስለሌለው ሰላም ነው።

እህተ አናጺ፦
ቆይ ቆይ፣ ኳሱን እንተወውና! ሰርኩላር መጋዙ ላይ እንጨቱ ሲይዝ ድምፁ ይቀየራል፣ እኛ እኮ ማሽን የምንሠራው በጆሮም ጭምር ነው። አባቴ ቤት ሲቆረጥ ሬዲዮ አይከፈትም፣ ሲለሰልስና ቀለም ሲቀባ ይከፈታል። ጎል ገባ ብለህ ቀና ስትል እጅህ የት እንዳለ አስበው ወንድሜ።

የአዳማው አናጺ፦
እህቴ ልክ ነሽ፣ ሰርኩላር ላይ ዝም ይላል። ሙቀቱስ? እዚህ ሚያዝያ ላይ ባዶ ጭንቅላትም ያልባል።

ሰርኩላር፦
ያልባል፣ አልዋሽህም። ጆሮ ዙሪያ የሚያርፈውን ትራስ በእርጥብ ጨርቅ ጥረገው፣ ሲደርቅና ሲሰነጠቅ ቀይረው፣ አየር ካስገባ አለቀለት። የመነጽር እጀታም ያስከፍተዋል፣ ቀጭን እጀታ ያለው መነጽር ፈልግ። ባትሪውን ደግሞ ማታ ማጥፋት እንዳትረሳ፣ የኔን ልጆቹ ሳያጠፉት እያደረ ስንቱን ባትሪ በላሁ።