ከድንጋይ ስር ያለ በረዶ ሲቀልጥ ተራራ ለምን ይናዳል?

የጅማ መምህርት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ውስጥ 11ኛ ክፍል ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። አንድ ተማሪዬ ብላተን የምትባለው የስዊዘርላንድ መንደር በናዳ ስትዋጥ የሚያሳይ ቪዲዮ በስልኩ አሳየኝና "በረዶ ሲቀልጥ ውሃ ሆኖ ይወርዳል፤ ታዲያ ድንጋዩ ምን ሆኖ ወደቀ?" አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ግን ለማስረዳት ተቸገርኩ። እኛ ጋ በረዶ ማለት ከዝናብ ጋር ወርዶ ቆርቆሮ ደብድቦ ወዲያው የሚጠፋው ነው። አፈርና አለት ውስጥ ለብዙ መቶ ዓመታት የሚቆይ በረዶ አለ ስላቸው አይዋጥላቸውም። እንዴት ብዬ ላስረዳቸው? ባሌና ሰሜን ተራሮች ላይስ እንዲህ ያለ ነገር አለ?

ቋጥኝ፦
መምህርት፣ ልጁ ዋናውን ነገር ነው የነካው። ፐርማፍሮስት የሚባለው ቢያንስ ሁለት ዓመት ሙሉ ሙቀቱ ከ0 ዲግሪ ሳያልፍ የቆየ መሬት ነው። አፈርም፣ ጠጠርም፣ ድፍን አለትም ሊሆን ይችላል። በጣም ከፍ ባሉ ተራሮች ላይ ውሃ በአለቱ ስንጥቅ ገብቶ ይረጋል፤ እዚያው ይቀራል። ያ በረዶ በድንጋይ ካብ መሀል እንደገባ ጭቃ ነው፣ አለቱን አያይዞ ያቆመዋል።

አሁን ልብ በሉ፦ አለቱ እንዲላላ በረዶው የግድ መቅለጥ የለበትም። ወደ 0 ዲግሪ ሲጠጋ ብቻ ይለሰልሳል፣ የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። ቀጥሎ የቀለጠው ውሃ ስንጥቁ ውስጥ ይጠራቀምና አለቱን ከውስጥ ይገፋዋል። ከታች ሆኖ ለሚያይ ሰው ተራራው ያው ተራራ ነው፤ እኔን የሚያስፈራኝም ይሄ ነው።

ብላተን ላይ የሆነው፣ ከመንደሩ በላይ ካለው ክላይነስ ኔስትሆርን ከሚባል ጫፍ ቋጥኝ እየተፈረካከሰ ከስሩ ባለው የቢርች ግላሲየር (ቁልቁለቱ ላይ ለረጅም ዘመን ተከማችቶ ቀስ እያለ የሚንሸራተት ግዙፍ በረዶ) ላይ ተከመረ። ለአለቱ መላላት የፐርማፍሮስቱ መሞቅ አንዱ ምክንያት ተደርጎ ይታያል። ግላሲየሩ ሸክሙን አልቻለም፣ ግንቦት 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ተያይዞ ወረደ። ከመንደሩ 90 በመቶ ገደማው ተቀበረ። ነገር ግን ተራራው ሲንቀሳቀስ ቀድመው አይተው ስለነበር ወደ 300 የሚሆኑትን ነዋሪዎች ከቀናት በፊት አስወጥተዋል። አንድ ሰው ሞቷል። ባያስወጧቸው ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ማሰብ ይከብዳል።

የቦንጋ ልጅ፦
የኛ የጎፋውም ያው አይደል እንዴ? ዓለም ሲሞቅ ተራራ ይናዳል፣ አለቀ።

ሳነቴ፦
አይ ወንድሜ፣ ይሄንን ባንደባልቀው ጥሩ ነው። ጎፋ ላይ ሐምሌ 2016 ከ200 በላይ ወገን ያጣነው ከባድ ዝናብ ቁልቁለቱን አርሶት ነው። እዚያ መሬት ውስጥ በረዶ የለም። ሁለቱን አንድ ካደረግናቸው መፍትሄውም ይምታታብናል። በረዶ ባለበት ተራራ አለቱን በስተው ቴርሞሜትር ያስገባሉ፤ ስዊዘርላንድ ኮርቫች ተራራ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ እንዲህ እየለኩ ነው። እኛ ጋ የሚያስፈልገው ዝናቡን መከታተል፣ ቁልቁለቱን መጠበቅና ሰዎችን በጊዜ ማንሳት ነው።

ስለ ባሌ ደግሞ መምህርት፣ እኔ ሳነቴ በሚባለው የባሌ ከፍተኛ ሜዳ ላይ ሰው ሳስጎበኝ ነው የምውለው። ማለዳ አፈሩን ሲረግጡት ይንኮሻኮሻል። ጎንበስ ብለው ካዩት ቀጫጭን የበረዶ መርፌዎች ጠጠሩን በጫፋቸው ተሸክመው ቆመዋል፣ አንዳንዱ የጣት አንጓ ያክላል። ረፋድ ላይ ሁሉም ጭቃ ነው። ይሄ ሌሊት መጥቶ ቀን የሚሄድ ውርጭ እንጂ ፐርማፍሮስት አይደለም። በጥንቱ የበረዶ ዘመን ግን ባሌ ላይ ግላሲየር ነበር። ሜዳው ላይ በረድፍ የተደረደሩ ትልልቅ ድንጋዮች አሉ፣ ያኔ መሬቱ እየረጋና እየቀለጠ የደረደራቸው ናቸው። ዛሬ አፍሪካ ውስጥ ግላሲየር የቀረው ኪሊማንጃሮ፣ ኬንያ ተራራና ሩዌንዞሪ ላይ ብቻ ነው። የኪሊማንጃሮው እ.ኤ.አ. ከ1912 ወዲህ ከ80 በመቶ በላይ ጠፍቷል። ቱሪስቶቼ "እስቲ እሱ ሳያልቅ እንየው" እያሉ ከኔ ወደዚያ ሲሄዱ ያናድደኛል፣ ያሳዝነኛልም።

ቋጥኝ፦
ትክክል። ጅማን የሚነካው በሌላ በኩል ነው። በሰሜን ዋልታ ዙሪያ ያለው ፐርማፍሮስት ወደ 1,500 ቢሊዮን ቶን ካርቦን ይዟል፤ አየር ላይ ካለው እጥፍ ገደማ ማለት ነው። ሲቀልጥ ተህዋስያን ያንን ያበሰብሱታል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሚቴን የሚባሉ ሙቀት አፋኝ ጋዞች ይወጣሉ፣ ሙቀቱ ደግሞ ይጨምራል። ሙቀት ሲጨምር ቡና ምን እንደሚሆን ለጅማ ልጆች መንገር አያስፈልግም።

ለክፍሉ ደግሞ ይሄን ይሞክሩ። በሁለት ኩባያ ጠጠርና ውሃ አርገው ያስረጉ። ሁለቱንም ትሪ ላይ ገልብጠው ኩባያውን ያንሱ። አንዱን በወፍራም ደረቅ አፈር ይሸፍኑት፣ ሌላውን እንዲሁ ይተዉት። ያልተሸፈነው ቀድሞ ጠጠሩን መጣል ይጀምራል። የተሸፈነው ይቆያል፣ ግን እሱም ከውስጥ ይለሰልሳል። በእንጨት ነካ ሲያደርጉት ልጆቹ ያዩታል።

የጅማ መምህርት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ትምህርት ቤቱ ፍሪጅ የለውም፣ ግን ከበር ላይ ያለችው ባለሱቅ ኩባያዎቹን እንድናስቀምጥ ፈቅዳልናለች። ሳነቴ፣ የእነዚያን የበረዶ መርፌዎች ፎቶ ካለህ እባክህ እዚህ ለጥፍልኝ፣ ከሙከራው በፊት ላሳያቸው እፈልጋለሁ።