በክፍል ሰዓቴ ሥራ ግቢ እየተባልኩ ነው፤ ምን ይሻለኛል?

ሰላም ለሁላችሁ። አሜሪካ ኮሌጅ እማራለሁ፤ በፌዴራል ወርክ ስተዲ (ተማሪዎች እየሠሩ የሚከፈላቸው የመንግሥት የትምህርት ድጋፍ) ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እሠራለሁ። ሥራውን እወደዋለሁ። የቸገረኝ፣ ሱፐርቫይዘሬ ሰው ሲጎድልባት በክፍል ሰዓቴ እንድገባላት መጠየቋ ነው። ደንቡ ግልጽ ነው፤ እንደ ክፍሉ መሰረዝ ያለ ልዩ ምክንያት ከሌለ በስተቀር በትምህርት ሰዓት መሥራት አይፈቀድም። እሷ ግን ታይም ሺቱን (የሥራ ሰዓት መመዝገቢያ ቅጹን) «ማታ እንደሠራሽ አድርገሽ ሙዪው» ትለኛለች። ይሄ ፈጽሞ ልክ አይመስለኝም። ታይም ሺቱ ላይ የምፈርመው እኔ ነኝ። የሠራሁትን ሰዓት በትክክል መጻፍም የእኔ ኃላፊነት ነው።

ሌላም አለ። ለዘንድሮ የተመደበልኝ ገንዘብ ሊያልቅ ነው። ወርክ ስተዲ እንደ ግራንት (የማይመለስ የትምህርት እርዳታ) ዝም ብሎ አይሰጥም፤ በሠራነው ሰዓት ልክ ነው የሚከፈለን፣ ጣሪያም አለው። ሲያልቅ «እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ በነፃ አግዢን» እንዳልባል እሰጋለሁ። ለተሠራ ሰዓት ደግሞ መከፈል አለበት።

እንዲህ ዓይነት ነገር የገጠማችሁ እስቲ ምከሩኝ። መጀመሪያ ለእሷ በኢሜይል ልጻፍላት ወይስ ቀጥታ ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ (የኮሌጁ የገንዘብ ድጋፍ ቢሮ) ልሂድ? ቢሮው ሌላ የሥራ ቦታ ሊቀይረኝ ይችላል? ከእሷ ጋር መቀያየም አልፈልግም፤ በሌላው ነገር ሁሉ ጥሩ ሰው ናት። ቀጣዩን ታይም ሺት ከማስገባቴ በፊት ብትመልሱልኝ ትልቅ ውለታ ነው።