ቤታችን አለርጂ አለ፣ አማቴ ደግሞ ምጥን ይዘው መጥተዋል፦ ለልጄ ምግብ በምን ላስጀምር?

የሶልያና እናት (ሲልቨር ስፕሪንግ)

እህቶች እንደምን ናችሁ። ትንሹ ልጄ አምስት ወሩን ይዟል፤ ምግብ ስለማስጀመር ልጠይቃችሁ ነው። ባለቤቴ ለውዝ አይነካም። ልጅ ሳለ ለቅሶ ቤት ኮሎ ውስጥ የነበረ ለውዝ ቀምሶ ከንፈሩ አብጦ ትንፋሽ አጥሮት ነበር። ትልቋ ልጄ እንቁላል በልታ ሰውነቷ ሁሉ ሳማ እንደነካው ቀልቶ አባበጠ። አሁን ኬክ ውስጥ የተጋገረውን ትበላለች፣ ፍርፍሩን ግን ገና ነው። ትንሹ ደግሞ ጉንጩና የክርኑ መታጠፊያ ላይ ችፌ አለበት፤ ቅባቱን ስንቀባው ይሻለዋል፣ ስንተው ይመለሳል።

አማቴ ሊጠይቁን ከአዲስ አበባ መጥተዋል። እግዜር ይስጣቸው፣ የሻንጣቸው ግማሽ የአጥሚት ምጥን ነው። ምን ምን እንዳለበት ስጠይቃቸው ገብስ፣ ስንዴ፣ አጃ፣ ሽምብራ፣ አኩሪ አተር አሉና፣ «ትንሽም ለውዝ፣ ለጉልበት» ብለው ጨመሩ። ባለቤቴ ይህን ሲሰማ ከወጥ ቤት ወጣ። ዱቄቱን በላስቲክ ጠቅልለን ጋራዥ አስቀምጠነዋል፤ እሳቸው ቅር ብሏቸዋል፣ አፍ አውጥተው ግን አይናገሩም።

በእሳቸው ሐሳብ ስድስት ወር ሲሞላው አጥሚት፣ ቀጥሎ ገንፎ በቅቤ፣ አለቀ። በባለቤቴ ሐሳብ ለውዝና እንቁላል ልጁ ሦስት ዓመት እስኪሆነው እዚህ ቤት አይገቡም። የሕፃናት ሐኪሙ ደግሞ «አታዘግዩ» ብሎ ሸኘን፤ ለምን እንደሆነና እንዴት እንደምንጀምር አልነገረንም። ያለፈበት ሰው ይንገረኝ።

ከአሽዶድ

እህቴ፣ እዚህ እስራኤል ባምባ የማያውቅ ሕፃን የለም። ከበቆሎና ከለውዝ የሚሠራ፣ አፍ ውስጥ የሚሟሟ ነገር ነው። የኔ ልጆች ጥርስ ሳያበቅሉ ነው የጀመሩት፤ ጎንደር ያደገችው እናቴ «አየር እየበሉ ነው እንዴ?» እያለች ትስቃለች። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ጥናት እንግሊዝ አገር የሚኖሩ አይሁዳውያን ልጆችን ከእስራኤል ልጆች ጋር ሲያነጻጽር፣ የለውዝ አለርጂ እንግሊዝ ያሉት ላይ አሥር እጥፍ ያህል በዝቶ ተገኘ። እዚያ ሕፃናት ለውዝ አይሰጣቸውም ነበር፣ እዚህ ገና በሕፃንነታቸው ይበላሉ። ግን እኛም አላመለጥንም፤ የሰሊጥ አለርጂ እዚህ ብዙ ነው። ተሂናውንም (የተፈጨውን ሰሊጥ) አትርሺው።

እናት ዓለም

ልጄ፣ እኔ አምስት አሳድጌአለሁ። ቅቤ አስውጠን፣ ማር በጣት አስልሰን፣ አንድም አለርጂ አላየንም። አማትሽን አታስከፊያቸው፣ ያን ሁሉ መንገድ ተሸክመው የመጡት ለልጅሽ ነው።

ነርስ ነኝ (አሌክሳንድሪያ)

እትዬ እናት ዓለም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ማሩ ይቅር። እሱ እንኳ የአለርጂ ጉዳይ አይደለም። ማር ውስጥ ሊኖር የሚችል ተሕዋስ ዓመት ያልሞላውን ሕፃን ቦቱሊዝም በሚባል ከባድ በሽታ ሊይዝ ይችላል። አማትየዋን ባለማስከፋቱ ግን እስማማለሁ።

የሶልያና እናት፣ ባለቤትሽ ሦስት ዓመት ያለው ከራሱ ፈጥሮ አይደለም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2000 አለርጂ ላለበት ቤተሰብ ልጅ እንቁላል እስከ ሁለት፣ ለውዝ እስከ ሦስት ዓመት ይቆይ ብሎ ነበር። በ2008 ያን ምክር ተወው። በ2015 ደግሞ ለንደን ላይ የተሠራው ሊፕ የሚባለው ጥናት ወጣ። ከባድ ችፌ ወይም የእንቁላል አለርጂ ያለባቸው 640 ሕፃናት ለሁለት ተከፍለው ግማሾቹ ለውዝ አዘውትረው በሉ፣ ግማሾቹ እስከ አምስት ዓመት ራቁ። የበሉት ላይ አለርጂው በ80 በመቶ ገደማ ቀነሰ። የሚታመነው ምክንያት ይህ ነው፦ ቤት ውስጥ ያለ የምግብ ብናኝ በችፌ በተሰነጠቀ ቆዳ ሲገባ ሰውነት እንደ ጠላት ያየዋል፤ በአፍ ሲገባ ግን ይለምደዋል። ስለዚህ የቅባቱን ነገር አትተዪ።

ከአባትየው ለውዝ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ የልጁ ችፌ ነው። ሐኪሙን «ከባድ ነው ወይስ ቀላል?» ብለሽ ቁርጥ አድርገሽ ጠይቂ። ከባድ ከሆነ ለውዝ ከመቅመሱ በፊት የደም ወይም የቆዳ ምርመራ ይደረግለት፣ አሁኑኑ ቀጠሮ ያዢ። ቀላል ከሆነ ስድስት ወር አካባቢ ሌላ ምግብ ከለመደ በኋላ ቤት መጀመር ይቻላል። ሁለት የሻይ ማንኪያ ልሙጥ የለውዝ ቅቤ በሞቀ ውኃ አቅጥኚ። በማንኪያ ጫፍ አቅምሰሽ አሥር ደቂቃ ጠብቂ፤ ደህና ከሆነ ቀሪውን ቀስ እያልሽ ስጪና ሁለት ሰዓት ከዓይንሽ አይጥፋ። ጠዋት ይሁን እንጂ የመኝታ ሰዓት አይሁን፣ ያተኮሰው ዕለትም አይሁን። ከተስማማው በሳምንት ሦስቴ ያህል ይቀጥል፤ አንዴ አቅምሶ መተው ጥቅም የለውም። ፍሬው ግን እንዳይታነቅ እስከ አራት ዓመቱ አይሰጥም። እንቁላሉም በደንብ የበሰለ ይሁን። ሽፍ ካለበት አቁመሽ ሐኪም ጥሪ፤ ትንፋሽ ካጠረው፣ ደጋግሞ ካስመለሰው ወይም ከዛለ 911 ነው።

አባትየውስ? አንቺ አብዪው፤ ስትጨርሺ እጅሽንና የልጁን ፊት በሳሙናና በውኃ እጠቢ። የእጅ ሳኒታይዘር የለውዝን ፕሮቲን አያስለቅቅም። ከመታጠቡ በፊት አባቱ አይሳመው፤ ኤፒፔኑም (ለከባድ አለርጂ የሚወጋው መርፌ) የት እንዳለ አንቺም እወቂ።

ምጥኑ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ስድስት እህል ባንድ ላይ በልቶ ቢያሳብጠው የትኛው እንደሆነ በምን ታውቂያለሽ? ገብሱን ለብቻ፣ ስንዴውን ለብቻ እያልሽ ሁሉንም ካለፈ ያኔ ይቀላቀላል። ሌላው፣ አብሽ ከለውዝ ጋር የሚዛመድ የጥራጥሬ ወገን ነው፤ ለውዝ የማይስማማው ሰው አንዳንዴ አብሽም አይስማማውም። ቅቤ ሲነጠር አብሽ ይገባል አይደል? ግብጦማ ይብሳል። ባለቤትሽ ሐኪሙን ይጠይቅ።

የሶልያና እናት

ተባረኩ። ግብጦውን ስነግረው ባለቤቴ ሳቀ፤ ጎጃም አያቱ ጋ ሄዶ በልቶ ጉሮሮውን ሲበላው ሁሉም «ምሬቱ ነው» ብለውት ነበር። የአለርጂ ሐኪም ቀጠሮ ይዘናል፣ እሱም አብሮ ሊታይ ነው። አማቴ ደግሞ «ገብስ ብቻ ከሆነማ እኔ እፈጨዋለሁ» ብለው ተነሥተዋል። ከአሽዶድ የጻፍሽልኝ፣ ተሂናውን ከምን ጋር ነበር ያቀጠንሽው?

ከአሽዶድ

ከተፈጨ ሙዝ ጋር። ንጹሕ ሰሊጥ መሆኑን ብቻ እዪ፤ ሐላዋ እንዳትገዢ፣ እሱ ስኳር ነው።