«ምጽላል» የሚባል ቃል አለ? ቶሎ በሉልኝ!

አራሚዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አስቸኳይ ነው። የማርመው መጽሐፍ ዛሬ ማታ ማተሚያ ቤት መግባት አለበት። «ምጽላል» የሚል ቃል አለበት። ከእኔ በፊት ያየው ሰው ሰርዞ «ጸሎት» ብሎታል። የትየባ ስህተት ነው ወይስ እንዲህ የሚባል ቃል አለ?

ቀጥታ፦ ዳስ በይውና ተገላገይ።

የቅኔ ተማሪ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ዓረፍተ ነገሩን አምጪው እንጂ። ቃል ያለ ቦታው አይፈታም።

አራሚዋ፦ ይኸው፦ «አባ ከምጽላሉ ሥር ቁጭ ብለው ዳዊት ይደግማሉ። ቅጠሉ ደርቆ ፀሐይ ማስገባት ጀምሯል።»

የቅኔ ተማሪ፦ ትክክል ነው፤ እንዳትነኪው! ግዕዝ ነው። ሥሩ «ጸለለ» ነው፤ ጋረደ፣ ጥላ ሆነ ማለት። የግዕዙ «ጸ» አማርኛ ላይ ብዙ ጊዜ «ጠ» ይሆናል። ጥላ፣ ተጠለለ፣ መጠለያ የምንላቸው ሁሉ ዘመዶቹ ናቸው። ሉቃስ 1፥35 ላይ «የልዑልም ኃይል ይጸልልሻል» ሲል ያው ግሱ ነው። «ጸሎት» ግን ከ«ጸለየ» የመጣ ነው፤ አይገናኙም። ምጽላል ጥላ ያለው መጠለያ ነው፤ የቅጠል ዳስም ይሆናል። «በዓለ መጸለት»ም፣ የዳስ በዓል ማለት፣ ከዚሁ ሥር ነው። ዘሌዋውያን 23 ላይ ሰባት ቀን በዳስ ተቀመጡ የተባለው።

ሳቂታ፦ ዳስ ከተጣለማ ድግስ አለ፤ እኛንም ጥሩን እንጂ!

ቀጥታ፦ አልኩ እኮ፣ ዳስ።

ሞጋች፦ እኔ ጥያቄው ራሱ አልተዋጠልኝም። ቃሉ ትክክል ሆነ አልሆነ፣ አንባቢ ካልገባው ምን ዋጋ አለው? ዛሬ ምጽላል የሚል ሰው የት አለ?

የገጠር ልጅ፦ ዳስ ሲባል ሰው ቶሎ የሚመጣለት ሠርግና ልቅሶ ነው፤ ሰፊ፣ ብዙ ሰው የሚይዝ። አባ ደግሞ ብቻቸውን ናቸው። እርግጥ ዮናስ 4 ላይ ለብቻው ዳስ ሠርቶ ከጥላው ሥር ተቀምጧል። ስለዚህ የግድ ከተቀየረ «የቅጠል ዳስ» ይሁን። ግሱንም አደራ፦ ዳስ ይጣላል እንጂ አይገነባም። እኔን ከጠየቅሽኝ ግን አልቀይረውም። መጀመሪያ ሲመጣ «ከቅጠል ምጽላላቸው ሥር» ብትይ አንባቢ ይገባዋል። ከዚያ በኋላ ብቻውን ይሄዳል። ደራሲውን ሳታስፈቅጂ ግን እንዳታደርጊው።

ቀጥታ፦ ዳስ ይበቃል።

የቅኔ ተማሪ፦ እህቴ፣ ከምን ደረሰ? ገባ? ካልገባ መጽሐፉ ውስጥ «መጸለት» የሚል ካለም ፈልጊ። ያ ሰው እሱንም «ጸሎት» አድርጎት ይሆናል።